ጀበናው ሲጣድ ልጁ የት ነው? የጎረቤት ልጅ በቤት ስለማቆየት

ኮምቦልቻ ውስጥ ገና ጎሕ ሲቀድ በየሰፈሩ የሚታይ ነገር አለ። አንዲት እናት እንቅልፉን ያልጨረሰ ልጅ አዝላ፣ ምግቡንና ቅያሪ ልብሱን በፌስታል አንጠልጥላ የጎረቤት በር ታንኳኳለች፤ በሩ ሲከፈት ልጁ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ጀርባ ይሻገራል፤ እናትየዋም የፋብሪካው ሰርቪስ እንዳያመልጣት እየሮጠች ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች። ከተማዋ ነባር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላትና በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት በመሆኗ በፈረቃ የሚሠሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ደሴ ላይም የቢሮ ሠራተኛዋ፣ ሱቅ የምትሸጠውና ጉሊት የምትውለው እናት ችግራቸው ያው ነው፤ ልጃቸውን አምነው የሚተዉለት ሰው ይፈልጋሉ።

ይህ እንዲሆን የሚያስገድደው የቀን ስሌት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የጤና ባለሙያዎች ግን ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት በቀር ምንም ነገር፣ ውሃም ቢሆን፣ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። በፈቃዱ ማብቂያና በ6ኛው ወር መካከል ያሉትን ሦስት ወራት፣ ከዚያም ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ያሉትን ዓመታት ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው የአንዲት ጎረቤት ቤት ነው። ይህች ሴት ለሰፈሩ የምትውለው ውለታ ትልቅ ሆኖ ሳለ የሚከፈላት ጥቂት ነው፤ ሥራውን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳት ደግሞ እምብዛም አይገኝም። ይህን የምጽፈው ለእርሷና ልጇን ለምትሰጣት እናት ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ መኖሪያ ቤት የተደራጀው ለአዋቂ መሆኑ ነው። ከሰሉ መሬት ላይ ይቀጣጠላል፣ በረኪናው ከአልጋ ሥር ይገባል፣ የውሃው ባልዲ ክዳኑ ተነሥቶ ይውላል፤ ይህ ሁሉ አዋቂን አይጎዳም። ሕፃን ግን ውሎው መሬት ላይ ነው፤ ያገኘውንም ነገር ሁሉ የሚመረምረው በእጁና በአፉ ነው። በዓይኔ ያየኋቸውና በቅርብ የሰማኋቸው አደጋዎች ሁሉ የደረሱት ልጅ በምትወድ ሴት ቤት ነው፤ የደረሱትም ፊቷን ወደ ቤት ሥራዋ ባዞረችበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ፍቅሯ እንዳለ ሆኖ፣ ዓይኗ ሲዘናጋ ልጁን የሚጠብቅላት የቤት አቀማመጥ ያስፈልጋታል።

ከቡናው እንጀምር። ወሎ ውስጥ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ ይመረቃል፣ ከአቦል እስከ በረካ ይቆያል። አንድ ቀን ደሴ ውስጥ አንድ ቤት አቦል ላይ የሆነውን አልረሳውም። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ጥልፍ ጨርቅ ለብሷል፣ ቡናው በስድስት ሲኒ ተቀድቶ ይተናል፤ ቡና አፍዪዋ እጣን ልትጨምር ወደ ማጨሻው ዞር አለች። በዚህ መሐል መቆም የሚለማመድ የ11 ወር ልጅ የጨርቁን ጫፍ ጨብጦ ሊነሣ ሲል ሲኒዎቹ ክንዱና ደረቱ ላይ ተገለበጡ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ፤ አንዷ ቅቤ፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች፤ ውሃ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ጭምር። የልጁ ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም አለ።

የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ አዋቂ ታግሶ በሚጠጣው ሙቀት ይላጣል፤ ገላውም ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ሲኒ ቡና ብዙ ቦታ ያዳርሰዋል። ቃጠሎ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ በተቃጠለው ቦታ ላይ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው፤ በረዶ ግን አይደረግበትም። ቧንቧ ከሌለ በጆግ ቀስ እያሉ ማንቆርቆር ይቻላል። ልጅ እያለቀሰ 20 ደቂቃ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከላይ የበረደ ቢመስልም ከቆዳው ሥር ማቃጠሉን ስለሚቀጥል የሚያስቆመው ውሃው ነው። የቀረው ገላው እንዳይበርደው በደረቅ ልብስ ይሸፈን። ቅቤ፣ ማር፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄትና የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን አፍነው ያስቀራሉ፣ ቁስሉንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ፤ ሐኪሙም ቁስሉን ለማየት መልሶ ሊያጥበው ይገደዳል። ውሃ የቋጠረው አይፈረጥ፤ ከቁስሉ ጋር የተጣበቀ ልብስም አይጎተት። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተነካ፣ ወይም ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ውሃው ከተደረገ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

ቡና ይቅር አልልም፤ የሰፈሩ መተሳሰቢያ ነው። ነገር ግን ልጆች ተኝተው ሳለ ወይም ከመካከል አንዷ ሥራዋ ልጆቹን መያዝ ብቻ ሆኖ ሲፈላ ሌላ ነው። ረከቦቱ የሚንጠለጠል ጨርቅ አይልበስ። ምግብ ማብሰያው ጋ የሚያስገባው በር ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ የጣውላ መከለያ ማሠራት ይቻላል፤ ለአናጺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ልጅ አዝሎ እሳት ላይ ማጎንበስም መቅረት አለበት፤ አንቀልባ ውስጥ ያለ ልጅ እጁን በትከሻ በኩል ሲሰድ ከድስቱ ጋር ያለው ርቀት ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው።

ከሰሉ ሌላም ጣጣ አለው፤ ይህኛው ደግሞ አይታይም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ ይበረታል፤ ለልጆቹ ሲባልም ፍም ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ፍሙ ሲቀላ ጭሱ ስለሚጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ሆኖ ከቀላው ፍም መውጣቱን ይቀጥላል፤ በደም ውስጥም የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ ይጎዳል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ሲያቅለሸልሻቸው ወይም አንድ ልጅ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ሲል መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ልጆች በሚተኙበት ክፍል ፍም ለአፍታም መግባት የለበትም፤ ብርዱን በተደራረበ ልብስ፣ በካልሲና በኮፍያ መከላከል ይቻላል።

ስለ መርዝ ስናስብ አእምሯችን ወደ አይጥ መርዝና ወደ ማላታይን ይሄዳል፤ ልክ ነው፣ እነዚህ ሕፃን በሚውልበት ቤት ጨርሶ ባይኖሩ ይመረጣል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። በረኪናም ነጭ ጋዝም ከሱቅ ተቀንሶ የሚመጣው በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ለልጁ ውሃ የሚሰጠውም በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ለይቶ እንዲያውቅ መጠበቅ አይቻልም። እነዚህ ነገሮች ምግብም ውሃም ተይዞበት በማያውቅ ዕቃ ተደርገው፣ ከሰው ቁመት በላይ ተሰቅለው ወይም ተቆልፎባቸው መቀመጥ አለባቸው። ልጁ ጠጥቶ ከተገኘ ለማስመለስ ጣት መክተት፣ ወተት ወይም ዘይት ማጠጣት አይገባም፤ በረኪናው ሲወጣ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥላል፣ ጋዙም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። መድኃኒትም በዚሁ ሕግ ይተዳደር፦ እናት ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ጽፋ ካልሰጠች በቀር ምንም አይሰጥ። ልጆች እንዲተኙ ተብሎ የሳል ወይም የአለርጂ ሽሮፕ የሚሰጥበት ቤት እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ሽሮፕ የሕፃንን ትንፋሽ ሊያዳክም ስለሚችል በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም።

ቆሎ የወሎ ቤት ሁሉ ያለው ነገር ነው፤ የገብሱ፣ የሽምብራው፣ የለውዙ። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጥርስ ቢያበቅልም አድቅቆ ማኘክ አይችልም፤ አንዲት ሽምብራ የመተንፈሻ ቱቦውን ልትዘጋ ትችላለች። እንግዳ ሲመጣ ቆሎው ልጆች ከሚደርሱበት ይራቅ፣ መሬት ላይ የተንጠባጠበውም ወዲያው ይጠረግ። ልጅ ሲታነቅ እያሳለ ከሆነ ማሳሉን እንዲቀጥል ይተው፤ ድምፅ ማውጣት ካቃተው ግን መጣደፍ ያስፈልጋል። ዓመት ያልሞላውን በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች አዘንብሎና አገጩን ደግፎ፣ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል በእጅ መዳፍ 5 ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ በሁለት ጣት ደረቱን መሐል ላይ 5 ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣም እያፈራረቁ መቀጠል ነው። ከዓመት በላይ የሆነውን ደግሞ ከጀርባ 5 ጊዜ መትቶ፣ ካልወጣ ከኋላው ሆኖ በማቀፍ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ በተጨበጠ እጅ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መሳብ ነው። የማይታይን ነገር በጣት መፈለግ የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ይህ በንባብ ብቻ ስለማይያዝ የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በአሻንጉሊት እንድታሳያችሁ ጠይቋት።

ውሃን በተመለከተ፣ ሕፃን ለመስጠም ጉድጓድ ወይም ቦርከና ወንዝ አያስፈልገውም። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ መጠን አንጻር ከባድ ስለሆነ ወደ ባልዲ ካጎነበሰ ራሱን መልሶ ማንሣት አይችልም፤ ጥቂት ጣት የምታህል ውሃ ትበቃዋለች፤ የሚሰማ ድምፅም አይኖርም። ባልዲና ሳፋ ሥራቸው እንዳለቀ ይደፉ፤ በርሜል ክዳኑ ይታሰር፤ የመጸዳጃ ቤቱም በር ከላይ መቀርቀሪያ ይኑረው።

ሕፃን ሲተኛ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይተኛ። ጋቢ ፊቱ ላይ መጣል ብርድና ዝንብ ለመከላከል የተለመደ ቢሆንም ትንፋሹን ያፍናል። ከሌላ ልጅ ወይም ከደከመው አዋቂ ጋር አንድ አልጋ ላይ አይተኛ። እናቱ የሌሊት ፈረቃ ለምትሠራበት ልጅ ደግሞ ኮምቦልቻ፣ ባቲና ከሚሴን በመሰሉ ወባ ባለባቸው ቦታዎች አጎበር ግድ ነው።

ንጽሕናው ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ልጅ አንድ ቤት ሲውል የአንዱ ተቅማጥ በሁለት በሦስት ቀን የሁሉም የሚሆነው እዚህ ላይ በሚፈጠር ክፍተት ነው። «የሕፃን ሰገራ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው፤ በሽታ አምጪ ተሕዋሲያንን እንደ አዋቂው ይይዛል። ሽንት ጨርቅ የሚቀየርበት ቦታ ከሚበላበት ቦታ የተለየ ይሁን፤ ሰገራው ወደ መጸዳጃ ቤት ይደፋ፤ ከዚያም የልጁም የቀያሪዋም እጅ በሳሙና ይታጠብ። በሳሙና እያሹ እስከ 20 መቁጠር ነው። እጅ መታጠብ የሚረሳው ውሃው ሩቅ ስለሆነ እንጂ ሰው ስለሰነፈ አይደለም፤ ስለዚህ ቧንቧ የተገጠመለት ትንሽ ጀሪካንና በክር የታሰረ ሳሙና መቀየሪያው አጠገብ ይንጠልጠል። ፎጣ፣ ማንኪያና ኩባያ ለየልጁ ይለይ፤ እያንዳንዱ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ማሰር ይበቃል። የአማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁ አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ የልጆች ፊት በቀን ደጋግሞ መታጠቡ፣ በአንድ ፎጣ አለመጠራረጋቸውና ዝንብ አለመስፈሩ ዓይናቸውን ያተርፋል።

ምግቡም ከዚህ አይለይም። እናት ያለበችው የጡት ወተት ክዳን ባለው፣ በተቀቀለ ዕቃ ሆኖ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ኮምቦልቻ በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ ከዚያ ስለሚሞቅ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ማፈላለግ ይሻላል። ወተቱ እሳት ላይ አይጣድም፤ ዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ለብ ይበል። ከጡጦ ይልቅ ኩባያና ማንኪያ እመርጣለሁ፤ የጡጦ ጫፍ ስርቻ ስላለው ለማጽዳት ያስቸግራል። የዱቄት ወተት ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ብቻ ይበጥበጥ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ገንፎና አጥሚትም ጠዋት ተሠርቶ እስከ ማታ አይቆይም። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ማላስ፣ በበጎ አሳብ የሚደረግ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል መተው አለበት።

የታመመ ልጅ ሲመጣ ምን ይደረግ? ትኩሳቱን ሸሽጋ ልጇን የምታደርስ እናት ላይ አልፈርድም፤ ከቀረች የቀን ደመወዟ ይቆረጣል። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ልጁ ጤነኛ ሳለ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፦ ምን ዓይነት ሕመም ሲኖር እንደማይመጣ፣ በዚያ ቀን ማን እንደሚይዘው፣ ክፍያውስ ምን እንደሚሆን። ኩፍኝ የያዘው ሽፍታው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 4 ቀን መለየት አለበት። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 እና በ15 ወር ስለሆነ ከዚያ በታች ያሉትን የሚጠብቃቸው የትልልቆቹ መከተብ ነው፤ የክትባት ካርድ ሳያዩ ልጅ አለመቀበል ነውር አይደለም። ተቅማጥ ሲጀምር ኦ.አር.ኤስ. በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በማንኪያ ይሰጥ፣ ጡቱም አይቋረጥ፤ ዚንኩን ጤና ጣቢያ ይሰጣል። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የደነዘዘ ልጅ ግን እናቱ እስክትመጣ አይጠበቅም። ሳል ያለበት ልጅ ረጋ ባለበት ሰዓት ትንፋሹ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠር፤ ከ2 ወር እስከ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት መታየት አለበት።

ስንት ልጅ ይበቃል ለሚለው የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። እሳት ቢነሣ አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ይዛ ልትወጣ የምትችለው ስንት ነው? መራመድ የማይችሉ ከሆኑ ሁለት፤ አንዱን በጀርባ፣ አንዱን በደረት። ከዚያ በላይ የምትቀበል ከሆነ ሙሉ ቀን አብራት የምትውል ሌላ ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል። የ12 ዓመት ልጇ በዚህ አይቆጠርም።

ቤቱ ውስጥ ሌላ ማን ይገባል፣ ማን ያድራል የሚለውን መጠየቅም የእናት መብት ነው፤ ቅር ሊያሰኝ አይገባም። ልጅን ልብሱን መቀየርም ሆነ ማጠብ ኃላፊነት የወሰደችው ሴት ሥራ ብቻ ይሁን። ዱላን በተመለከተ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በጎረቤት ቤት የዋለ ልጅም ከዚህ ያነሰ ጥበቃ ሊኖረው አይገባም። ሕፃንን መነቅነቅ ደግሞ ከዱላም የከፋ ነው፤ አንጎሉን ያደማዋል። ልቅሶው ከአቅም በላይ ሲሆን ልጁን በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ደጅ ወጥቶ መተንፈስ ይሻላል።

ማታ እናትየዋ ስትመጣ ሁለቱም ደክመዋል፤ ርክክቡም «ደህና ዋለ» በሚል ቃል ያልቃል። እዚያች ደጃፍ ላይ ሦስት ነገር ይነገር፦ ምን በላ፣ ስንቴ ወጣለት፣ ምን አጋጠመው። ወድቆ ጭንቅላቱን ከመታ ይነገር፤ እናትየዋ ትቆጣለች ተብሎ አይደበቅ። ከግጭቱ በኋላ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ያለ ወትሮው መተኛት ወይም መንቀጥቀጥ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ሌሊት ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ያለችው እናቱ ናት፤ ማስመለሱን የምግብ አለመስማማት ነው ብላ እስኪነጋ እንዳትጠብቅ ቀን ላይ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባት።